የአማርኛ ኮሜንት እንዲነበብ፦ የኬትን ቀለማት በሊኑክስ ላይ ማስተካከል

ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ በበጋ ረፋድ መስኮት አጠገብ ላፕቶፕ ከፍቶ ኮድ ለሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ከዓይኑ የሚጠፋበት ኮሜንቱ ነው። ኪይወርዱ (እንደ ኢፍና ፎር ያለው የኮድ ቋንቋው የራሱ ቃል) ይታያል፣ ቁጥሩ ይታያል፤ በአማርኛ የጻፈው ማብራሪያ ግን ከጀርባው ጋር ተመሳስሎ ይደበዝዛል። ጥፋቱ የፀሐዩ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ የቀለም ቲሞች (ተዘጋጅተው የሚመጡ የቀለም ስብስቦች) ኮሜንትን ሆን ብለው ያደበዝዙታል፤ ዋናው ኮዱ ስለሆነ ማብራሪያው ወደኋላ ይበል በሚል ሐሳብ የተሠሩ ናቸው። ለላቲን ፊደል ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ለእኛ ፊደል ግን አያስኬድም። «ጨመረ» እና «ጨመሩ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ቅጥያዋ ከደበዘዘች አንባቢው ቃሉን ከማንበብ ይልቅ መገመት ይጀምራል።

ስለዚህ እዚህ የምናሳየው አሠራር ከኮሜንቱ ይነሳል፤ የቀረው ቀለም ሁሉ ለእሱ ይገዛል። የምንሠራበት የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ኬት ነው። ኬት የኬዲኢ (የሊኑክስ ዴስክቶፕና ፕሮግራሞች የሚሠራ ማኅበረሰብ) ፕሮግራም ቢሆንም ኡቡንቱ፣ ሚንትና ፌዶራ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ሁሉ ይሠራል፤ ቀለሙን ለመቀየር ፋይል መጎርጎር አያስፈልግም፣ አንዴ ከተጫነ በኋላም ለቀለሙ የሚያስፈልገው ሁሉ ያለ ኢንተርኔት እጃችሁ ላይ ነው። የሜኑ ስሞችን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ታገኟቸዋላችሁ።

ኔትወርክ ባለበት ቦታ ቀድማችሁ የምታወርዱት

ለቀለሙ አራት ነገር ብቻ ነው (ኋላ የማንቂያ ቃላት ለመጨመር የፈለገ አንድ ተጨማሪ ፋይል ያወርዳል)፦ ኬት ራሱ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት፣ አንድ እኩል ስፋት ያለው የላቲን ፎንት (ደጃቩ ሳንስ ሞኖ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተጭኖ ይገኛል) እና ኮንትራስት የተባለው ትንሽ የኬዲኢ ፕሮግራም። የመጨረሻው ሁለት ቀለማት ምን ያህል እንደሚራራቁ በቁጥር ይነግራል። አራቱንም ከሶፍትዌር ማውጫው ወይም በተርሚናል (በኡቡንቱና በሚንት በአፕት፣ በፌዶራ በዲኤንኤፍ) መጫን ይቻላል። ፎንቱን በፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሆነ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ «ኢንስቶል» በሉት፤ ከዚያ ኬትን ዘግታችሁ ክፈቱት። ክፍት ሆኖ የቆየ ኬት አዲስ የተጫነ ፎንት ላያይ ይችላል።

ፎንቱ ሳይስተካከል ቀለም አትንኩ

ብዙ ሰው በቀለም ይጀምርና ቀኑን ይፈጃል፤ ችግሩ ግን ፎንቱ ላይ ነው። ለኮድ የሚመረጡት እኩል ስፋት ያላቸው ፎንቶች አብዛኞቹ የእኛን ፊደል አይዙም። ኬት «ሀ»ን በመረጣችሁት ፎንት ውስጥ ሲያጣው ሲስተሙ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያመጣለታል። የተበደረው ፎንት ቀጭን ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ቀለም ብትሰጡት ደብዝዞ ይታያል።

1. «ሴቲንግስ» ከሚለው ሜኑ «ኮንፊገር ኬት»ን ክፈቱ። ፎንት መምረጫው እንደ እትሙ ቦታው ይለያያል፤ በአዲሶቹ «አፒራንስ» በሚለው አካባቢ ፈልጉት።
2. ዋናው ፎንት የላቲኑ ይሁን። አቢሲኒካን ወይም ሌላ የግዕዝ ፎንትን ዋና አታድርጉ። አቢሲኒካ የላቲን ፊደልም አለው፣ ግን ስፋቱ እኩል አይደለም፤ ኮዱ ሁሉ በእሱ ይጻፍና ቀጥ ብሎ መውረድ ያለበት መስመር ይዛነፋል። ለፓይተን ይህ ትልቅ ጣጣ ነው፣ ገባ ብሎ የተጻፈውን መስመር በዓይን መለየት ያቅታል።
3. መጠኑን ከለመዳችሁት በ1 ወይም በ2 ነጥብ ከፍ አድርጉ። በላቲን 10 የሚበቃው ሰው ለአማርኛ 12 ይፈልጋል።
4. የፊደሉ ራስ ወይም እግር ተቆርጦ ከታየ የመስመሩን ቁመት ጨምሩ። በቅርብ እትሞች የመስመር ቁመት ማባዣ አለ፤ 1.2 ይበቃል። የሚቆረጠው የመስመሩ ቁመት በላቲኑ ፎንት ስለሚለካ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ወደላይም ወደታችም ይሰፋል።

አንድ ነገር ግን በዚህ አይፈታም። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል፣ በመስመር መጨረሻ ላይ በአምድ የደረደራችሁት ኮሜንት ፊቱ የአማርኛ ቃል ካለበት አይገጥምም። በስፔስ ብዛት ለማስገጠም አትድከሙ፤ ኮሜንቱን ከኮዱ በላይ በራሱ መስመር ጻፉት።

መሞከሪያ ፋይል

ቀለም የሚመረጠው እውነተኛ ጽሑፍ እያዩ ነው። ፓይተን 3 የእኛን ፊደል ለስም ስለሚቀበል ይህችን ጻፉና በፓይተን ፋይል ስም (መጨረሻው .py የሆነ) አስቀምጧት፦

# የምንጃር ጤፍ ሒሳብ፤ 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነው
ኩንታል = 3
ኪሎ = ኩንታል * 100
# ነጋዴው ጨመረ ወይስ ነጋዴዎቹ ጨመሩ?
መልእክት = "ጠቅላላ ክብደት"

ከእሷ በታች ኢፍ፣ ፎርና ዴፍ ያሉባቸውን ጥቂት መስመሮች ከራሳችሁ ሥራ ቅዱ። ፋይሉ ምንም ቀለም ካላሳየ ከመስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ ያለውን ጽሑፍ እዩ። «ኖርማል» የሚል ከሆነ ኬት ቋንቋውን አላወቀውም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፋይሉ ስም ያለ ቅጥያ መቀመጡ ነው። ጠቅ አድርጋችሁ ፓይተንን ምረጡ።

ጥያቄ ምልክት ያለበት መስመር ያለ ምክንያት አልገባም። ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቃችሁ ተቀመጡና «ረ» እና «ሩ»ን ሳትጠጉ መለየት መቻላችሁን እዩ። ከሁሉም መለኪያ የሚበልጠው ይህ ነው።

ቲሙን መቅዳት

«ኮንፊገር ኬት» ውስጥ «ከለር ቲምስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ከኬት ጋር የሚመጡት ቲሞች፣ ብሪዝ ላይት፣ ሶላራይዝድ፣ ግሩቭቦክስ፣ ሞኖካይ፣ ድራኩላና ሌሎቹም፣ ተቆልፈው ነው የሚመጡት። ቀለሙን ጠቅ ብታደርጉ እሺ አይልም፤ ተበላሽቶ አይደለም፣ ቅጂ እስክታደርጉ ነው። ሶላራይዝድ ላይትን ምረጡ፣ «ኮፒ»ን ተጫኑ፣ ስም ስጡት። ስሙን አጭር አድርጉት፣ ኋላ የፋይል ስም ይሆናል።

ሶላራይዝድን ያስመረጠን ጀርባው ነው፤ ቀይ 253፣ አረንጓዴ 246፣ ሰማያዊ 227። ነጭ ሆኖ ዓይን አይወጋም፣ ጨለማ ሆኖም የመስኮቱን ነጸብራቅ እንደ መስታወት አይመልስም። በበጋ ብርሃን ጥቁር ጀርባ ያለው ስክሪን የራሳችሁን ፊትና የኋላችሁን ግድግዳ ነው የሚያሳየው፤ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ብትጨምሩለትም ብዙ አይረዳም።

የሶላራይዝድ ኮሜንት ግን ለእኛ አይሆንም። ቀለሙ 147፣ 161፣ 161 ነው፤ ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ንጽጽር 2.5 ለ1 ገደማ ብቻ። የብሪዝ ላይት ኮሜንትም ነጭ ላይ 3.5 አካባቢ ነው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለጠንካራው ደረጃ ደግሞ 7 ይጠይቃል። ለአማርኛ ኮሜንት 7ን ዝቅተኛው አድርጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ በታች ያለው በምሽት ይነበብ ይሆናል፣ ረፋድ ላይ ግን ያስቸግራል።

ቀለማቱን ማስገባት

ከመጀመራችሁ በፊት ናይት ላይትን አጥፉ። ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ብርቱካን የሚወስደው እሱ ነው፤ እሱ እየሠራ የተመረጠ ሰማያዊ በማግስቱ ሌላ ቀለም ሆኖ ይጠብቃችኋል። ርካሽ ስክሪን ከሆነ ደግሞ ክዳኑን የዘወትር አቀማመጣችሁ ላይ አቁሙት፤ ከላይና ከታች ሲታይ ቀለሙ የሚለወጥ ብዙ ነው።

«ዲፎልት ቴክስት ስታይልስ» የሚለውን ክፍል ክፈቱ። በየመስመሩ የደማቅ (ቦልድ)፣ የዘመም (ኢታሊክ)፣ የስር መስመርና የመሰረዝ ምልክት አለ፤ ቀጥሎ ለተራው ጽሑፍ ቀለም፣ ለተመረጠው ጽሑፍ ቀለም፣ ከዚያም የጀርባ ቀለማት። ቀለሙን ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉ ቁጥር የምታስገቡበት ሳጥን ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ነው።

1. «ኮሜንት»፦ 35፣ 90፣ 55። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ንጽጽሩ 7.5 ገደማ። የዘመም ምልክቱ በርቶ ከሆነ አጥፉት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ዘመም ቅርጽ የለውም፤ ሲስተሙ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ነው የሚያጋድለው፣ ያን ጊዜ የ«ሊ» እና የ«ላ» እግሮች ይቀራረባሉ።
2. «ዶኪዩመንቴሽን» እና «አኖቴሽን»፦ ያንኑ ቀለም ስጧቸው። እነዚህን መርሳት የተለመደ ነው፤ ኮሜንቱ ተስተካክሎ የፈንክሽኑ ማብራሪያ ግን አሁንም ደብዝዞ ከታያችሁ ከእነዚህ የአንዱ ቀለም ሳይቀየር ቀርቷል።
3. «ኖርማል»፣ «ቫሪያብል» እና «ፈንክሽን»፦ 40፣ 40፣ 40። ንጽጽሩ ከ13 ይበልጣል። የሶላራይዝድ ተራ ጽሑፍ 4.1 አካባቢ ስለሆነ እሱንም መቀየር ግድ ነው።
4. «ኪይወርድ»፦ 20፣ 60፣ 140፣ ደማቅ ምልክቱ በርቶ። ኪይወርድ ሁልጊዜ በላቲን ስለሚጻፍ ቢደምቅ አይጎዳም።
5. «ስትሪንግ» (በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚጻፈው ጽሑፍ)፦ 150፣ 50፣ 20። ደማቁን አጥፉ። ስትሪንግ ውስጥ አማርኛ ይገባል፣ የ«ሬ» እና የ«ሌ» ቀለበት ሲደምቅ ይደፈናል። አቢሲኒካን ለምትጠቀሙ ይብሳል፤ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ ደማቁ በሲስተሙ በግድ የተወፈረ ነው።
6. «ዴሲማል»፣ «ፍሎት» እና «ኮንስታንት»፦ 110፣ 40፣ 120።

ከዚህ በላይ ቀለም አትጨምሩ። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቀለም መስጠት ያምራል፤ ግን አሥር ዓይነት ቀለም ያለበት ገጽ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። የቀሩትን ከነዚህ ከአምስቱ ወደ ቅርባቸው መድቡ።

ቀይና አረንጓዴ ለመለየት የሚቸገር ሰው በዚያው ማሽን የሚሠራ ከሆነ፣ የስትሪንጉና የኮሜንቱ ቀለም ለእሱ አንድ ሊሆኑበት ይችላሉ፤ ጨለማቸውም ተቀራራቢ ነው። ለእሱ ስትሪንጉን ወደ ቁጥሩ ሐምራዊ አዛውሩለት። ጥቅስ ምልክቱ ከቁጥር ይለየዋል።

አሁን በየመስመሩ «ሴሌክትድ» የሚለውን አምድም አስተካክሉ። ይህ ጽሑፉ ሲመረጥ የሚይዘው ቀለም ነው። ካልነካችሁት ኮሜንት ለመቅዳት ስትመርጡ የድሮው ግራጫ ተመልሶ ይመጣል።

ወደ «ከለርስ» ክፍል እለፉ። እዚህ ሁለቱ ብቻ ያሳስባሉ። አንደኛው ያላችሁበትን መስመር የሚያሳየው ቀለም ነው፤ 238፣ 232፣ 213 ከሆነ የኮሜንቱ ንጽጽር እዚያ መስመር ላይ ከ7.5 ወደ 6.6፣ ከያዝነው 7 በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ጠቋሚው ያለበት መስመር በጣም የምታነቡት መስመር ነውና ከዚህ የበለጠ አታጨልሙት። ሁለተኛው «ሰርች ሃይላይት» ነው። ለእኛ ከፍለጋ ያለፈ ሥራ አለው፦ አንድ ቃል ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉ ኬት ያንኑ ቃል በፋይሉ ውስጥ ባለበት ሁሉ በዚህ ቀለም ያበራዋል። በአንድ ቦታ «ሒሳብ»፣ በሌላ ቦታ «ሂሳብ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው፣ ስሙ አልተሰየመም ብሎ ይቆማል። ሁለቴ ጠቅ አድርጉት፤ ያልበራው ላይ ነው ስሕተቱ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ ያሉበትን ስም ሁሉ በዚህ መንገድ መፈተሽ ብዙ ሰዓት ያድናል። ቀለሙን ደመቅ ያለ ቢጫ አድርጉት።

ጨርሳችሁ «አፕላይ» በሉ። ዋናውን ቲም የሚመርጠው ሳጥን ላይ የእናንተን ስም ምረጡ። «አውቶማቲክ» የሚለው ከተመረጠ ዴስክቶፑ ወደ ጨለማ ሲቀየር ኬትም የራሱን ጨለማ ቲም ይዞ ይመጣል፣ የለፋችሁበት ይሰወራል። «ቪው» ሜኑ ውስጥ ያለው የቲም ዝርዝር ደግሞ ለተከፈተው ገጽ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እዚያ የቀየረ ሰው ሌላ ፋይል ሲከፍት ሳይቀየር ያገኘዋል።

ለማታና ለጉም

ጣርማ በር ጉም ሲለብስ ወይም በክረምት ቀኑ ሲጨልም፣ ማታም ከመብራት በታች፣ ጨለማ ቲም ይሻላል። ግሩቭቦክስ ዳርክን ቅዱ፤ ጀርባው 40፣ 40፣ 40 ነው። የኮሜንቱ ቀለም 146፣ 131፣ 116 ሲሆን ንጽጽሩ 4 ገደማ ይወጣል። ወደ 170፣ 190፣ 140 ቀይሩት፤ 7.3 ይሆናል። ዘመሙን እዚህም አጥፉ። ሌላውን እንዳለ ተዉት፣ ጥሩ ነው።

ቀየርኩት፣ አልተቀየረም

በሌላ ቋንቋ የሚሠራ ቀለም በፓይተን ብቻ እንቢ ካለ፣ «ሃይላይቲንግ ቴክስት ስታይልስ» ውስጥ ግቡና ፓይተንን ምረጡ። የቲሙ ሠሪ ለዚያ ቋንቋ ለብቻው ቀለም ሰጥቶት ይሆናል፤ የለብቻው ሁልጊዜ አጠቃላዩን ይሽራል። ያንን መስመር ወደ ዋናው ስታይል መልሱት።

ኬት ግርጌ ላይ የሚከፈተው ተርሚናል ቀለሙን የሚወስደው ኮንሶል ከተባለው የኬዲኢ ተርሚናል ነው፣ ከቲሙ አይደለም። እዚያ ለብቻው ይስተካከላል።

የአማርኛው ቃል ሁሉ በቀይ ሞገድ ከተሰመረበት የፊደል አራሚው በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እየፈተሸ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና የላቲኑን «ኦ» (O) አንድ ላይ ተጫኑ፣ ይጠፋል።

«ማሳሰቢያ» እና «ይታረም» እንዲበሩ

ኬት በኮሜንት ውስጥ ቱዱ፣ ፊክስሚ የመሳሰሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ለይቶ ያበራል። የእኛንም እንዲያበራ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን ፋይል መንካት ይጠይቃል።

የማንቂያ ቃላቱ «አለርትስ» በተባለ የሃይላይቲንግ ፋይል ውስጥ ናቸው። ፋይሉ ከፕሮግራሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ ዲስኩ ላይ አታገኙትም፤ ከኬዲኢ የሲንታክስ ሃይላይቲንግ የኮድ ማከማቻ አውርዱት። የቃላት ዝርዝሩ ውስጥ ከነባሮቹ በአንዱ አምሳያ «ማሳሰቢያ»፣ «ይታረም»፣ «ይቀራል» የሚሉ መስመሮች ጨምሩ። ላይኛው መስመር ላይ ያለውን የእትም ቁጥር ከፍ አድርጉ፤ ካላደረጋችሁ ኬት የራሱን አሮጌ ፋይል ያስቀድማል። ከዚያ በቤት ማህደራችሁ ውስጥ ነጥብ ሎካል፣ ሼር፣ ቀጥሎም የኬዲኢ ሲንታክስ ሃይላይቲንግ ማህደር (ስሙ org.kde.syntax-highlighting)፣ በውስጡ ሲንታክስ የሚባል ማህደር ፍጠሩና አስቀምጡት። የተደበቁ ማህደሮች በኮንትሮልና ኤች ይታያሉ። ኬትን ዘግታችሁ ክፈቱ።

አሁን «ማሳሰቢያ» ብቻውን ሲቆም ይበራል፣ «ማሳሰቢያ፡» ብላችሁ ስትጽፉ ግን አይበራም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ኬት ቃል የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በስፔስና በላቲን ሥርዓተ ነጥቦች ነው፤ ሁለት ነጥባችንን፣ አራት ነጥባችንን፣ ነጠላ ሰረዛችንን እንደ ፊደል ይቆጥራቸዋል። በዚያው ፋይል መጨረሻ አካባቢ ስለ ኪይወርዶች የሚናገረው መስመር ላይ ተጨማሪ መለያያ ምልክቶች የሚቀበል ቦታ አለ፤ ፡ ። ፣ ፤ ፦ን እዚያ ጨምሩ። ይህን ላለመንካት የፈለገ ከቃሉ በኋላ አንድ ስፔስ ይተው።

ስለ ሁለት ነጥብ ካነሳን፦ ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ የኮድ መስመር የዘጋ ሰው ከላቲኑ ምልክት ይልቅ «፡» ያስገባል። ስክሪኑ ላይ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ፓይተን ግን የማይታወቅ ምልክት ብሎ ይመልሰዋል። ኮዱ ልክ ሆኖ እያለ የሚያለቅስ ከመሰላችሁ በፍለጋ ሳጥኑ «፡»ን ፈልጉ። ከኮሜንትና ከስትሪንግ ውጭ የተገኘው ሁሉ ይቀየር።

ወደ ሌላ ማሽን መውሰድ

«ከለር ቲምስ» ገጽ ላይ «ኤክስፖርት»ን ተጫኑና ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። በሌላው ማሽን «ኢምፖርት» ይበቃል። ለአንድ ሙሉ የኮምፒውተር ክፍል የምታደርሱ ከሆነ ግን በየማሽኑ ሜኑ ከመክፈት፣ ፋይሉን ቅድም በፈጠራችሁት የኬዲኢ ማህደር ውስጥ ቲምስ የሚባል ማህደር ሠርታችሁ መገልበጥ ይፈጥናል። ኬት በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሲስተሙ ለይቶ የሚጭን ዘዴ) የተጫነበት ማሽን ላይ ያ ማህደር አይሠራም፤ ፍላትፓክ የራሱ የተለየ ማህደር ስላለው እዚያ «ኢምፖርት»ን ተጠቀሙ።

የቲሙን ፋይል በእጅ ያረመ ሰው ቲሙ ከዝርዝሩ ከጠፋበት፣ የጨመረው ወይም ያጠፋው ኮማ አለ ማለት ነው። ፋይሉ ጄሰን በተባለው ጥብቅ የመረጃ አጻጻፍ የተጻፈ ስለሆነ ከመጨረሻው መስመር በኋላ አንድ ኮማ ቢተርፍ ሙሉውን አይቀበልም።

ሥራውን በወረቀት የሚያስረክብ ተማሪ ደግሞ ከማተሙ በፊት «ፕሪንቲንግ» የተባለውን ቲም ይምረጥ። በጥቁር ቀለም ብቻ በምታትም ማሽን ላይ የስክሪኑ አረንጓዴና ቡናማ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ።